በንፋስ ምክንያት

ሊቀመንበሩን የገደለው ማንም ይሁን ማን፣ ለላሞቹም አልራራም። ሦስት ላሞች እግራቸውን ዘርግተው፣ ምላሳቸውን አውጥተው በየቦታቸው ተጋድመዋል። የወተት ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ከመካከላቸው በአፍጢሙ ተደፍቷል። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ በወለሉ ክፍተት ወደ ታች ይንጠባጠብ ነበር።

«ላሞቹ ምን አደረጉ?» አለች ሳጅኗ፣ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና።

ሳጅኗ ጎበዝ ናት። የሰው ሬሳ አያስደነግጣትም፤ የሞተ ከብት ስታይ ግን ዓይኗ እንባ ያቀርራል። እኔ ደግሞ የከብት ነገር አይሆንልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የወተት ሽታ አልችልም። አዛዡ ይህንን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጉዳዩን ለኔ የሰጠኝም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

በረቱን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። ከባሕር ማዶ በመጣ እርዳታ የተሠራ ነው፤ እኔ ከምኖርበት ቤት ይሻላል። ወለሉ እንደ ፍርግርግ የተከፋፈለ ኮንክሪት ነው። እበቱና ሽንቱ በክፍተቶቹ ሾልኮ ከሥር ባለ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ አንድ ሞተር ያማስለዋል፣ ፓምፕ ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በግራና በቀኝ ከወገብ በላይ ግድግዳ የለም። በግድግዳ ፋንታ የተዘረጋ ወፍራም ሸራ አለ፤ ከውጭ ባለ የብረት እጀታ እየተጠቀለለ ይነሳል፣ ይወርዳል። እኛ ስንደርስ ሸራው በሁለቱም በኩል ተነስቶ ንፋሱ ያለ ከልካይ ይመላለስ ነበር።

ሬሳውን ቀድሞ ያገኘው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። የሞተሩና የፓምፑ ሠራተኛ እሱ ነው። ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ የፓምፕ ቺንጋ፣ ጥቁር የጎማ ቀበቶ፣ ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። ሳጅኗ ኪሱን ፈተሸች። የሞተር ሳይክል ቁልፍ፣ ካቻቪቴና አንድ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ፣ ጫፉ በአረንጓዴ ክር የተዘመዘመ።

«መሃረብህ ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። 

የሟቹ ጣት ላይ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ቀለበት ነበር። ብረት መስሎኝ አለፍኩት።

*

ወተት ተቀባይዋ ከበረቱ ትይዩ ባለች ጠባብ ክፍል ነው የምትሠራው። ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ የምትሰጥ ሴት ናት፤ ለመርማሪ እንደሷ ያለ ሰው ሲሳይ ነው።

«ጠዋት ተጣልተዋል» አለችኝ፣ ወደ በሩ አየት አድርጋ። «የእርዳታ ድርጅቱ እንግዶች ነገ ይመጣሉ፣ ጉድጓዱ ዛሬ ካልተመጠጠ ብሎ ሊቀመንበሩ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። ታናሽየው ደግሞ የፓምፑ ቺንጋ ተበጥሷል፣ ገዝቼ እስክመጣ ጠብቅ ይላል። በመጨረሻ ምን አለው መሰለዎት? ‹ብትነካው ትሞታለህ!›»

«ምኑን ቢነካው?»

«እሱን እንጃ። ወተት እየለካሁ ነው የሰማሁት። ቃሉን ግን በነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ፣ ወንድሙ ወድቋል፣ እሱ አፉን በእጁ ይዞ በር ላይ ተገትሯል። አይገባም! ግባ እንጂ አንተ ብዬ ላልፍ ስል እኔንም ክንዴን ይዞ አስቀረኝ። እግዜር ያሳይዎት፣ ወንድም ወንድሙን እንዲህ ቆሞ ያያል?»

አያይም አልኩ በልቤ። ሳጅኗም ይህንኑ እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

ቢሆንም አንድ ሰው ላይ ከመድረሴ በፊት ሌላውን ማጣራት ልማዴ ነው። የማኅበሩ ሰዎች «ዝናቡ» የሚሉት ሰው አለ። ስሙ አይደለም፤ ወተቱ ላይ ዝናብ ስለሚዘንብበት ያወጡለት ነው። ሊቀመንበሩ፣ ወተት በውሃ ሲበርዝ እጅ ከፍንጅ ይዞት፣ ከማኅበሩ አስወጥቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ነክሶበታል አሉኝ። ቤቱ ስንሄድ ጉንጩ አብጦ ተኝቷል።

«ሊቀመንበሩ ሲሞት የት ነበርክ?» አለችው ሳጅኗ።

አፉን ከፈተልን። አንድ የመንጋጋ ጥርስ የለም፤ ቦታው ገና ይደማል።

«ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ» አለ እየተኮላተፈ። «ደስ ባይላችሁም እውነቱ ይሄ ነው።»

ሐኪሟም አረጋገጠች። ጥርሱን ነክሶበታል የተባለው ሰው በዚያ ሰዓት ጥርሱን እያስነቀለ ነበር። ሳጅኗ መኪና ውስጥ እስክንገባ ሳቋን አፍና፣ ከገባን በኋላ ለቀቀችው። እኔ አልሳቅሁም፤ የቀረን ታናሽ ወንድሙ ብቻ ነበር።

*

በማግሥቱ የሟቹ እናት ጣቢያ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ናት። ሁለት ወንዶች ልጆች ነው ያሏት፤ አንዱ አስከሬን ክፍል ነው፣ አንዱን እኔ ለጥያቄ ይዤዋለሁ። የሟቹን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩላት። ሰዓቱን ስማ ጉያዋ ከተተች። ቀለበቱ ጋ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች።

«ይሄ የልጄ አይደለም።»

«እማማ፣ ከጣቱ ነው የወጣው።»

«የልጄ ቀለበት ብር ነው። የአባቱ ነው፣ እኔ ነኝ በእጄ ያጠለቅሁለት። እንደ ወተት ነጭ ነው። ይሄ ጥቁር ነው። ቀይራችሁታል!»

«ኧረ እማማ፣ እኛ ፖሊሶች ነን» አለች ሳጅኗ።

«ታዲያ ፖሊስ ሌባ አይሆንም?» አለችና ወደኔ ዞረች። «ስማ ልጄ። ቀለበቱን ተወው። ልጄን የገደለውን ሳታገኝ ፊቴ እንዳትቆም። ማንም ይሁን። ከሆዴ የወጣም ቢሆን።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ጉያዋ ያለውን ሰዓት በእጇ ያዘች። አንጀቴን በላችው።

ከሄደች በኋላ ቀለበቱን በመሃረቤ ጠርዝ ጠበቅ አድርጌ ፈተግሁት። ጥቁሩ ለቀቀና ከሥሩ ነጭ ብር ብቅ አለ። ቀለበቱ የልጇ ነበር። ታዲያ በአንድ ቀን ምን አጠቆረው?

የእንስሳት ሐኪሙ የሞቱትን ላሞች መርምሮ ሲጨርስ ደረስንበት። መኖው ንጹሕ ነው፣ መርዝ የለበትም አለን። ቀለበቱን ሰጠሁት። አገላብጦ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«የእበት ጉድጓድ ጋዝ ነው» አለ። «እበቱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጋዙ ውስጡ ታምቆ ይቆያል። ሞተሩ ሲያማስለው ግን በአንዴ ይለቀቃል። ብርን ያጠቁራል። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰውየው እፎይ ሲል ነው እንደቆመ የሚወድቀው።»

«ግንባሩስ?»

«ሲወድቅ ብረት መትቶት ይሆናል። የገደለው ግን ቁስሉ ሳይሆን ጋዙ ነው ብል አልተሳሳትኩም።»

«እንደዚያ ንፋስ በሚመላለስበት ቤት?»

«ክፍት ቢሆንማ ኖሮ» አለ ሐኪሙ፣ «እሱም ላሞቹም ዛሬ በሕይወት ነበሩ።»

*

የእርዳታ ፕሮጀክቱን አስተባባሪ በረቱ አጠገብ አገኘሁት። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አንደበቱም እንደ ጫማው የሆነ ሰው ነው።

«ስልጠና ተሰጥቷል፣ ኢንስፔክተር» አለኝ። «ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሸራው በሁለቱም በኩል ክፍት መሆን አለበት። ማስጠንቀቂያም ለጥፈናል።»

አየሁት። እጀታው አጠገብ የራስ ቅል ሥዕል አለ፤ ከሥሩ በባዕድ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር።

«ስልጠናው ለማን ተሰጠ?»

«ለሠራተኛው። ለታናሽ ወንድሙ።»

«ለሌላውስ?»

«ማሽኑን የሚነካው እሱ ነው። ሌላው ሰው ምን አገባው?»

ቆሽቴ አረረ፤ ግን ጥያቄው የኔ ሥራ እንጂ ቁጣው የኔ ሥራ አይደለም ብዬ ዋጥኩት። ሳጅኗ እጀታውን ይዛ ሸራውን ቀስ እያለች ማውረድ ጀመረች። ጥቅልሉ ሲፈታ አንድ ትንሽ ነገር እግሯ ሥር ጠብ አለ። ድንቢጥ ነበረች፣ የደረቀች።

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። ድንቢጧ የሞተችው ሸራው ወርዶ ሳለ ነው። ጠርዙ ላይ ወድቃ፣ ኋላ አንድ ሰው ሸራውን ሲያነሳ አብራ ተጠቀለለች። እኛ ከመድረሳችን በፊት ቤቱ ዝግ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ተከፈተ።

«ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው» አለች ሳጅኗ። «ስለ ጋዙ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ታናሽየውን ፊቴ አስቀመጥኩት። ድንቢጧን በወረቀት ላይ አድርጌ ገፋሁለት።

«ሸራውን ከሞተ በኋላ ማን አነሳው?»

«እኔ።»

«ማንስ ዘጋው?»

ወረቀቱን ወደኔ መልሶ ገፋ። 

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለ። «ጻፉት። ሌላ ሰው አትጠይቁ።»

አዛዡ ሲሰማ እጁን አፋተገ። «ተዘጋ! ዛቻ አለ፣ እውቀት አለ፣ እምነት ክህደት ቃሉም አለ። ምን ትፈልጋለህ?» ለእናቲቱም ልጇ ማመኑ ተነገራት፤ ዝርዝሩን አልነገሯትም። ጣቢያው በር ላይ ቆማ «ልጅ የለኝም! ሁለቱንም ቀብሬያለሁ!» ስትል ግቢው ሙሉ ሰማት። እሱም ከክፍሉ ሰምቷታል። ጠባቂው እንደነገረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጆሮውን ይዞ ነበር።

*

«ሌላ ሰው አትጠይቁ» ያለኝ ነገር ሆዴን ባር ባር አለው። ጥፋቱን ያመነ ሰው ስለ ሌላ ሰው ምን አስጨነቀው?

ቺንጋውን ይዤ መለዋወጫ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ባለ ሱቅ ገና ሲያየው ራሱን ያዘ።

«ያን ልጅ አስታወስከኝ! ቁጥሩ አይገጥምም ብሎ ስንቴ ነው ያስቀየረኝ። ምሳዬን እንኳ ሳልበላ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ወንድሙ ደወለለት መሰለኝ፣ ‹እባክህ ሳልመጣ እንዳትነካው› እያለ ሲለምን ነበር።»

ሲለምን። ‹ብትነካው ትሞታለህ› ያለው ለካ ሞተሩን ነው፤ ዛቻ ሳይሆን ምክር ነበር። በሩ ላይ ተገትሮ ያልገባውም፣ ሴትዮዋን ክንዷን ይዞ ያስቀራትም፣ የገባ ሁሉ እንደሚወድቅ ስለሚያውቅ ነው።

ወደ ወተት ተቀባይዋ ተመለስኩ።

«ታናሽየው ሱቅ ሲሄድ ሸራው ተነስቶ ነበር ወይስ ወርዶ?»

«ተነስቶ ነዋ። ሸራው ከተነሳ ፀሐዩ በበረቱ ውስጥ አልፎ ዓይኔን ይወጋኛል።» እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አሳየችኝ። ከዚያ እጇ እዚያው ቀረ። «ቆይ፣ ቆይ። ኋላ ፀሐዩ ተወኝ። እሰይ ብዬ ወተቴን መለካት ቀጠልኩ። እሱ ገና አልተመለሰም ነበር። ሞተሩ የተነሳውም ከዚያ በኋላ ነው።»

«የዘጋውን ሰው አላየሽም?»

«እጀታው በወዲያኛው በኩል ነው፤ ከዚህ አይታይም።»

በሥራዬ አሊባይ፣ ማለትም ‹ሌላ ቦታ ነበርኩ› የሚል ማስረጃ፣ የሚፈበርክ ሰው ሞልቶ አይቻለሁ። እውነተኛ አሊባይ እያለው የሚደብቅ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ከራሱ አስበልጦ ለሚወደው ሰው ነው። ይህንን አውቄም ማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሊገባኝም አልፈለግሁም።

*

ቀለበቱን አጽድቼ ለእናቲቱ ልመልስላት ብቻዬን ሄድኩ። በር ላይ ስታየኝ ፊቷን አጠቆረች፤ ቀለበቱን መዳፏ ላይ ሳስቀምጥላት ግን ክንዴን ያዘች።

«ይሄ ነው» አለች። «ይሄ ነው የልጄ። ግባ፣ በር ላይ አትቁም፣ ንፋስ ይመታሃል።»

አስገብታኝ በሩን ዘጋች። መስኮቱንም ዘጋች። ከሥር ባለው ክፍተት ጨርቅ ወተፈችበት። ከዚያ ሳትጠይቀኝ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ወተት ቀድታ እጄ ላይ አኖረች። ልጇን የቀበረች ሴት የሰጠችኝን እንቢ ማለት አልቻልኩም፤ ትንፋሼን ይዤ ጎንጨት አልኩ።

«የቡርዬ ነው» አለች። «ከወለደች ገና ሳምንቷ። ከነዚያ ሁሉ ላሞች የተረፈችልኝ እሷ ናት።»

«እንዴት ተረፈች እማማ?»

«በትንሿ በር በኩል ነው የምትታሰረው። ደግሞም» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ትንሽ ፈካ አለ። «ያተረፍኳት እኔ ነኝ። ያ አዲሱ ቤት ጥሩ ነው፣ ግን ንፋሱ! ፈረንጅ ገንዘቡን አውጥቶ ግድግዳ ረሳ። ያን ቀን ላያት ብሄድ ንፋሱ አራስ ገላዋን ይገርፋታል። በወዲህም በወዲያም ሸራውን ጥርቅም አድርጌ አወረድኩላት። ልጆቼ ደግሞ መክፈት ይወዳሉ፤ እንዳይነካካ እጀታውን በጨርቅ አስሬው መጣሁ።»

ብርጭቆውን ከአፌ አራቅሁ።

ትከሻዋ ላይ ነጭ ሻሽ ጣል አድርጋለች። ጫፉ በአረንጓዴ ክር የተዘመዘመ ነው። አንዱ ጥግ የለም፤ ተቀድዷል።

«እጀታው አጠገብ የሞት ምልክት ተለጥፎ አልነበረም?» አልኩ።

«የሰው አጽም የሣሉበት? እሱማ ለሌባ ማስፈራሪያ ነው።» ብርጭቆዬን አየች። «ጠጣው እንጂ።»

ጠጣሁት፤ እስከ መጨረሻው። ሊቀመንበሩም እዚህ ቤት ነው ያደገው፤ ጨርቅ በተወተፈበት መስኮት ሥር። በረቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ሲያገኘው ምንም አልጎረበጠውም። ለሱም ለእናቱም የተዘጋ ቤት ማለት ደኅና ቤት ማለት ነው። ፓምፑ እስኪጠገን እበቱ ተማስሎ ይጠብቅ ብሎ፣ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

*

ከኪሱ የተገኘውን ቁራጭ ጨርቅ ታናሽየው ፊት አስቀመጥኩት። አይቶት ዓይኑን ጨፈነ።

«ከእጀታው ላይ ፈትተህ ደበቅኸው» አልኩ።

«ቋጠሮዋን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን የጫማችንን ክር የምታስርልን እንደዚያ ነው።» ጨርቁን ወደ ራሱ ሳበ። «ኢንስፔክተር፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ። አይንገሯት።»

«ወንድሙን ገደለ ብላ ክዳሃለች እኮ።»

«ትካደኝ። እኔን ጠልታ መኖር ትችላለች። ይሄን አውቃ ግን አንድ ቀን አታድርም። ወንድምጋሼን በእጇ…»

«ሕጉ ያላደረግኸውን አድርገሃል ብዬ እንድጽፍ አይፈቅድልኝም።»

«ያደረገችውንስ የግድ ይጽፋሉ?»

 እሷ ወንጀለኛ አይደለችም፤ ያስተማራትም ያስጠነቀቃትም የለም። ሌላው ሰው ምን አገባው ብለው ያለፏት ሴት ናት። ግን ሪፖርት መጻፍ አለብኝ፣ ውሸት ደግሞ አልጽፍም። ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ ብዙ ወረቀት አበላሸሁ።

አዛዡ የመጨረሻውን ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበው። «ሟቹ የሞተው ሞተሩ ሲነሳ ከጉድጓዱ በወጣ ጋዝ ነው። በወቅቱ ሸራው በንፋስ ምክንያት ወርዶ ነበር። ተጠርጣሪው በቦታው አልነበረም። የሸራው እጀታ ቁልፍ እንዲገባለት፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉም ሰው በሚያነበው ቋንቋ እንዲጻፍና ስልጠናው በረቱን ለሚረግጥ ሰው ሁሉ እንዲሰጥ።» ቀና አለ። «ንፋስ ነው ያወረደው?»

«በንፋስ ምክንያት ነው ጌታዬ።»

«እሱን ነው የጠየቅሁህ።»

«እኔም የመለስኩት እሱን ነው።»

ሳጅኗ ጫማዋን ታይ ነበር። አዛዡ ሁለታችንንም በየተራ ተመለከተን። ከዚያ ፈረመ።

*

ታናሽየውን ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በመንገድ ላይ እጀታው ቁልፍ ገብቶለት እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ጠዋት ቆሜ አስገጥሜዋለሁ አልኩት። «ስልጠናው ላይ አንድ ቀን ትሰማ ይሆናል» አለ። «ያኔ አጠገቧ እሆናለሁ። ዛሬ ግን አይሁን።»

እናቲቱ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣ ነበር።

«እማማ፣ ልጅዎ አልገደለም» አልኩ። «በዚያ ሰዓት ከተማ ነበር። አጣርቻለሁ።»

ቀስ ብላ ዞረች። «ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«ጥዬው ባልሄድ ኖሮ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ወንድምህን ታዲያ ምን ገደለው?»

ወደኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ንፋስ ነው» አላት። «ከጉድጓዱ የወጣ መጥፎ ንፋስ።»

«ንፋስ» አለች። ቃሉን እንደማያውቀው ሰው ደግማ አለችው፤ ከዚያ ደረቷን መታች። «ንፋስ! አላልኳችሁም? ያ ቤት ንፋስ አለው ብዬ ስንቴ ለፈለፍኩ! ለላሚቱ አስቤ ለልጄ ሳላስብ! ያን ሸራ በጠዋት በዘጋሁት ኖሮ! ቀደም ብዬ በዘጋሁት ኖሮ!»

ልጇ ተንበርክኮ አቀፋት። አንገቱን ይዛ አለቀሰች፤ ይቅር በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ አለችው። ከዚያ ፊቱን በመዳፏ ዳበሰች፣ በርዶሃል ብላ ተነሳችና መስኮቱን ገፍታ ዘጋች። ጨርቁን ወተፈች። በሩንም ዘጋች።

ተነስቼ ልከፍተው ፈለግሁ። አልተነሳሁም። ሦስታችን በተዘጋው ክፍል ተቀመጥን፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ላብ በጀርባዬ ወረደ። ሻሿ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ነበር። ልጁ ቀስ ብሎ መለሰላትና፣ የተቀደደውን ጫፍ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አጠፈላት።